«አትርፌ ነው የሸጥኩት» ስለምትባለው ሞተር

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ጎንደር ነኝ። የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ሞተር ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፤ በየሁለት ዓመቱ ግድም እቀይራለሁ። መስከረም 2013 አንዲት 250 ሲሲ የጃፓን ሞተር በ220 ሺህ ብር ገዛሁ። ጥቅምት 2015 በ310 ሺህ ሸጥኳትና 230 ሺህ ጨምሬ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 በ540 ሺህ ወሰድኩ። ስወስዳት 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር፤ አሁን፣ መጋቢት 2017፣ 46 ሺህ ላይ ናት። ዛሬ 900 ሺህ የሚሰጠኝ ገዢ አለ። የእሷ ዓይነት 30 ሺህ የሄደች ባህር ዳር በ1 ሚሊዮን 250 ሺህ ስትሸጥ ስላየሁ የእኔም ገና ትጨምራለች ብዬ አስባለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ 12 ሺህ ብቻ የሄደች ያማሃ ቴኔሬ 700 በ1 ሚሊዮን 450 ሺህ አግኝቻለሁ። የጎደለውን 550 ሺህ ከእቁብ አወጣለሁ። እስካሁን ከሁለቱ ሞተሮች 450 ሺህ ብር አትርፌያለሁ። ጓደኛዬ ግን ‹ብርህን ውሃ እየበላው ነው፤ ሸጠህ ባንክ አስገባው› ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?»

ወንድሜ፣ ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ብርህን ውሃ እየበላው ነው ያለህ ጓደኛህ አልተሳሳተም። ባንክ አስገባው ማለቱ ላይ ግን ስቷል። አንተ ደግሞ ሞተሯ ከባንክ ሳትሻልህ አልቀረችም፤ ያ 450 ሺህ ብር ትርፍ ግን የለም። የት ሄደ እንዳትለኝ፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

እኔ ሥራዬ ሂሳብ ነው። የነጋዴ ደብተር ሳገላብጥ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ሞተርም እነዳለሁ። ስለዚህ «ተው ሞተር አያስፈልግህም» የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቅ። ጠዋት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትወጣ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። የምነግርህ ያ ደስታ በወር ስንት ብር እንደሚያስወጣህ ብቻ ነው።

ከትርፉ እንጀምር። አንተ ፌሮ ትሸጣለህ። በ2015 ያስገባኸውን ፌሮ ዛሬ ሸጥከው እንበል። ባገኘኸው ብር ያንኑ ያህል ፌሮ መልሰህ ማስገባት ካቃተህ አተረፍኩ ትላለህ? አትልም፤ ጎረቤትህ ያለው ነጋዴ ይስቅብሃል። መደርደሪያህ ላይ ይሄን ሂሳብ አንድም ቀን ስተህ አታውቅም። ሞተሯ ላይ ስትደርስ ግን ረሳኸው።

ያቺ ባህር ዳር ያየሃት ሞተር ያንተዋ መንትያ ናት። ያው ሞዴል፣ ያው 30 ሺህ ኪሎ ሜትር። ማለትም አንተ በ2015 የገዛሃት ሞተር ዛሬ እሷ ናት። አንተ ዋጋዋን ስትሰማ ደስ አለህ። እኔ ደግሞ ስሰማ ልዩነቱን አሰላሁ። ዛሬ የራስህን በ900 ሺህ ሸጠህ መንትያዋን ለመግዛት ብትሄድ 350 ሺህ ብር ይጎድልሃል። ወደ ጥቅምት 2015 ለመመለስ ብቻ 350 ሺህ። ይህ ብር በ29 ወር ውስጥ ነድተህ የጨረስከው ነው። በወር 12 ሺህ ግድም። ለሄድካት ለእያንዳንዷ ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ 22 ብር። ከፒያሳ አዘዞ ድረስ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንዴ ደርሰህ ለመምጣት ሳይሆን ለመሄድ ብቻ፣ ቤንዚን ሳይቆጠር፣ ከ260 ብር በላይ።

ታዲያ ለምን ዋጋዋ በብር ጨመረ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። ሞተር በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ነው፤ አሮጌዋም የአዲሷን ዋጋ ተከትላ ትወጣለች። ሞተርህ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር አርጅታለች። የብሩ ግን ከእሷ ብሷል። ከዚያ በፊት የሸጥካት 250 ሲሲም ታሪኳ ያው ነው፤ ያኔ ብሩ ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ሞተርህን ከገዛህበት ዋጋ ጋር አታወዳድራት። ከመንትያዋ ጋር ብቻ። በየስድስት ወሩ ሁለት ዋጋ ጠይቅ፤ አንድ፣ እንደዛሬዋ ያለችው ስንት ታወጣለች? ሁለት፣ ስገዛት እንደነበረችው ያለችው ዛሬ ስንት ናት? በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው ወጪህ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛህ። ያኔ 540 ሺህ ብርህን ባንክ አስገብተህ ቢሆንስ? ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። በዚያ ሂሳብ ዛሬ 640 ሺህ እንኳ አይሞላልህም። ሞተርህ 900 ሺህ ታወጣለች፤ ነድተሃታልም። ስለዚህ ባንክ ከሚለው ይልቅ የአንተ ይሻላል። ጓደኛህ «ሱቅህ አስገባው» ቢልህ ኖሮ ግን መልስ አይኖረኝም ነበር። በ2015 በ540 ሺህ ብር ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ቆርቆሮ ታስገባ እንደነበር፣ ያ ብር እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ይዞርልህ እንደነበር ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። እሱን ቁጥር ማታ ብቻህን ሆነህ ጻፈው። ለማንም አታሳየው።

የመንጃ ወጪውን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንለፈው፤ ብዙው የምታውቀው ነው። በዓመት ወደ 6,600 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ። ሞተርህ በመቶ ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ 330 ሊትር ማለት ነው። ሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ሊትር ቤንዚን በጥር 2017 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቷል። እዚህ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። ማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ የገዛኸውን ስትደምር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በማደያው ዋጋ እንኳ 33 ሺህ ብር አለፈ። የኋላ ጎማ እኔ ባለፈው በ32 ሺህ አስገብቻለሁ፤ ኮብልስቶኑ ሳይጨምር ነው 10 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄደው። የፊቱ 25 ሺህ፣ እሱ ረዘም ይላል። በዓመት ሲካፈል 30 ሺህ ነው። ካቴና ከነጥርሱ 45 ሺህ፤ 25 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደ ጎበዝ ነህ። ያም በዓመት 12 ሺህ። ዘይትና ፊልትሮ 8 ሺህ። ኢንሹራንስና ቦሎ፣ የእኔን ብወስድ፣ 22 ሺህ። ድምሩ 105 ሺህ ይጠጋል። የመንትያዋን ክፍተት፣ በዓመት 145 ሺሁን፣ ስትጨምርበት 250 ሺህ። በወር 21 ሺህ ብር። በኪሎ ሜትር 38 ብር።

38 ብር። አብዛኛው ሞተረኛ ስትጠይቀው «አምስት ብር» ይልሃል፤ ቤንዚኗን ብቻ ስለሚያስብ። መንገድ ተዘግቶ ወይም ክረምት ሆኖ ስትቆም ደግሞ አትዘን፣ አትደሰትም። ቤንዚኑ ይቀርልሃል። እርጅናዋ ግን ቆማም አይቆምም።

ኢንሹራንስ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅህ። በስንት ብር ነው ያስመዘገብካት? የሦስተኛ ወገኑ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፤ እሱን አላልኩም። የራስህን ሞተር የሚሸፍነውን ነው። ስትገዛት በ540 ሺህ አስገብተህ ዝም ብለህ እያደስክ ከሆነ ውልህን አውጥተህ አንብብ። ብዙ ውል ላይ ንብረቱ ከዋጋው በታች ከተመዘገበ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳል የሚል አንቀጽ አለ። 900 ሺህ የምታወጣ ሞተር በ540 ሺህ ከተመዘገበች 60 በመቶ ብቻ ነው የተሸፈነችው። ለ100 ሺህ ብር ጥገና 60 ሺህ ይሰጡህና የቀረውን 40 ሺህ ራስህ ትችላለህ። ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ ነገር ስንቱን ጉድ እንዳደረገው ብነግርህ አታምንም። ነገ ሂድና አስተካክለው።

ወደ ቴኔሬዋ እንምጣ። ቆንጆ ሞተር ናት፣ አልዋሽህም። 204 ኪሎ ናት፤ ካንተዋ ቀለል ትላለች። የፊት ቸርኬዋ 21 ኢንች ነው፤ ያንተዋ 19። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ያለውን ፒስታ፣ ያልተነጠፈውን መንገድ፣ ለሚወድ ሰው ልዩነቱ ክንዱ ላይ ይታወቀዋል። አንተ ግን በጻፍከው ሁሉ ውስጥ ፒስታ የሚል ቃል አላየሁም። ያየሁት ሱቅና ዋጋ ነው።

ለጉልበቷ ከሆነ ደግሞ ጎንደር ላይ ነን። 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር አምስተኛውን ያህል ጉልበቱን እዚሁ ያጣል። የቴኔሬዋ 73 ፈረስ እዚህ 58 ቢሆን ነው። ያንተዋ 70 ገደማው ደግሞ 56። ለሁለት ፈረስ ነው 550 ሺህ ብር የምትጨምረው? ከእጅ አይሻል ዶማ ይሉሃል ይሄ ነው። ነዳጅ መያዣዋ 16 ሊትር ነው፤ ያንተዋ 20። ቤንዚን በወረፋ በሚገኝበት ከተማ 4 ሊትር ቀላል አይደለም። መቀመጫዋ 87 ሴንቲ ከግማሽ ነው። ኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ ዝናብ ጥሎ ቆመህ እግርህ ጫፉ ብቻ ሲነካ ይታይህ።

መቀየሩ ራሱም ወጪ አለው። ለመሸጫው ደላላ 2 በመቶ፣ 18 ሺህ። ለመግዣው 29 ሺህ። የውል፣ የቴምብር፣ የስም ማዛወሪያ። ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ብታስጭናትም ብትነዳትም ብር ነው። ስትደርስ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ባትሪውን ማየት አይቀርም። በእኔ ግምት ሞተሯን ገና ሳትጠግባት 65 ሺህ ብር ወጥቷል። በየሁለት ዓመቱ ስትቀይር ይሄ ብቻውን በዓመት 32 ሺህ ነው። በየአምስት ዓመቱ ብትቀይር 13 ሺህ። ውዷ ሞተር ደግሞ ስትወርድም በውድ ነው የምትወርደው። ያንተዋ ከመንትያዋ 28 በመቶ ወርዳለች። ቴኔሬዋ በዚያው ልክ ብትወርድ 406 ሺህ ብር ነው።

የእቁቡ ነገር ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። «ከእቁብ አወጣለሁ» ስትል ያገኘኸው ብር አስመሰልከው። በሳምንት 10 ሺህ የሚጣል፣ 55 ሰው ያለበት እቁብ ነው እንበል። ዕጣው በ15ኛው ሳምንት ወጣልህ። 550 ሺህ ትቀበላለህ፤ እስከዚያ የጣልከው 150 ሺህ ነው። የቀረው 400 ሺህ የሰው ነው። ለ40 ሳምንት፣ ሱቅ ቢቀዘቅዝም ባይቀዘቅዝም፣ 10 ሺህ ትጥላለህ። ሞተር ደግሞ የሳምንቱን እቁብ አትጥልልህም። እቁብ ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ብሩ እየረከሰ ባለበት ጊዜ ከዚህ የተሻለ ብድር የለም። ለዚህ ነው አንጀቴን የሚበላኝ። እንዲህ ያለ ብር ዕቃ ማስገቢያ ነበር።

ደግሞ የገበያው ጠባብነት አለ። 125 ወይም 150 ሲሲ ሞተር ጎንደር ውስጥ ጠዋት አውጥተህ ከሰዓት ትሸጣለህ። የገጠር ባለሙያውም፣ ነጋዴውም፣ መልእክተኛውም ይፈልጋታል። የአንተ ዓይነቷን የሚገዛ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው የሚመጣው። እኔ አንዷን ስሸጥ ሦስት ወር ጠበቅኩ። በመጨረሻ ከባህር ዳር አንድ ሰው መጣ። ሰላም ካለኝ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረም። በመሃል ማቆሚያዋ አቆማት። የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሥቶ መሪውን በአንድ ጣቱ ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ገፋው። መሃል ላይ ስትደርስ ጠቅ አለች። እንደገና ገፋው፤ ጠቅ። ቀና ብሎ አየኝና «ኩሽኔታው» አለ። ለዚያች ጠቅ 25 ሺህ ብር ወረደ። ኩሽኔታው ቢበዛ 5 ሺህ ነበር። ሦስት ወር የጠበቀ ሻጭ ግን አይከራከርም፤ እሱም ያንን አውቋል።

ቴኔሬዋን ትተህ ሌላ ጊዜ ሌላ ብታገኝም ሊብሬውን ብቻ አይተህ እሺ አትበል። የእኔን ስህተት ልንገርህ። በ2011 አንድ የውጭ ዜጋ አገሩ ሊመለስ ሲል ሞተሩን በርካሽ ሸጠልኝ። ዋጋው ልብ ያማልላል። ከቀረጥ ነፃ የገባች መሆኗን ያወቅኩት ስም ላዛውር ስል ነው። ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዛወርም። የተጠየቅኩት ቀረጥ ሞተሯን ከገዛሁበት ብዙም አያንስም። ብሩን እስካገኝ ሰባት ወር ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። ከፍዬ ጨርሼ ቁልፉን ሳዞር ምንም የለም። መቀመጫውን ስናነሣ አይጥ ጎጆ ሠርታለች፤ ከገመዶቹ ግማሹን ቆርጣ። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ቀጠለልኝ። ርካሿ ሞተር በሕይወቴ ከገዛኋቸው ሁሉ ውዷ ሆነች። ስለዚህ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቅ። የቻሲስና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይንህ አመሳክር። ቀብድ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ አንተን ብሆን ቪ-ስትሮሟን ቢያንስ ሦስት ዓመት እይዛታለሁ። ትልቁን መውረድ አሳልፋለች። እንዲህ ዓይነት ሞተር መጀመሪያ ላይ ነው በጣም የምትወርደው፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ለስለስ ይላል፣ ከያዝካት። ለዚያ ግን 48 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሥራ ይጠብቅሃል። የሱዙኪዋ የቫልቭ ክፍተት በየ24 ሺህ ኪሎ ሜትር ይለካል። ማስተካከያው ልክ የተለያየች ትንሽ ብረት ናት፤ ጎንደር ላይ የምትፈልጋትን ልክ ላታገኝ ትችላለህ። መጀመሪያ አስለካ፤ ልኩን ጻፍ፤ ከዚያ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጣ። ከፍቶ «ደህና ነው» ብሎ የሚዘጋ መካኒክ አለ። ቁጥሩን በወረቀት ካልሰጠህ አልለካም ማለት ነው።

ለመቀየሪያ የምታስቀምጠውን ብር ደግሞ በብር አታስቀምጠው። ካቴና ከነጥርሱ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ ሲገኝ ግዛና አስቀምጥ። የሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ካሁኑ አያንስም፤ ዕቃውም አይበላሽም። ጎማ ግን አታከማች። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ታገኛለህ፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። «አዲስ ነው፣ ፀጉሩም አልረገፈም» ብለው ስድስት ዓመት የተቀመጠ የሚሸጡልህ አሉ። አኃዙን ሳታይ ብር አታውጣ።

መቼ ልቀይር ካልከኝ፣ ያ ቫልቭ ወይም ሌላ ነገር እዚህ ማንም የማይሠራው ሲሆን። ወይም ፒስታ መውጣት ከልብህ ከጀመርክ፤ ያኔ ቴኔሬዋ ትክክለኛ ሞተር ናት። ወይም የመቀየሪያ ልዩነቱን ከእቁብ ሳይሆን ከሱቁ ትርፍ፣ ዕቃ ሳታጎድል፣ ማውጣት ስትችል። የዛሬው 550 ሺህ ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

ገዢህን ግን አታባርረው። ጎንደር ላይ 900 ሺህ ብር ይዞ እንዲህ ዓይነት ሞተር የሚፈልግ ሰው በየቀኑ አይገኝም። ስልኩን ያዝ፤ በበዓል በበዓሉ ደወል አድርግለት። «ሸጥካት እንዴ?» ካለህ «ገና ነኝ፣ እያሰብኩበት ነው» በለው።